ከጋቢናው የታየ ፊት

የጌጡ እጅ መጥፎ አልነበረም፤ መጥፎው ልማዱ ነው። አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲከበር በአዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ በመልካ ወረር የተሰቀሉትን ባለጢም ሽማግሌዎች አብዛኞቹን የሣለው እሱ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ የማንንም ሰው አገጭ ሲሥል አገጩ ቀና ይልበታል። አንድ ጊዜ ለፀጉር አስተካካይ ማስታወቂያ የሣለው ጎረምሳ እንኳ ፀጉሩን ተቆርጦ በቀጥታ ወደ ግንባር የሚዘምት ይመስል ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ግን አልተከፋም። እንዲያውም ቀበሌው ወደደለት።

እንግዲህ ኡምሰልማ የሟች ባሏን ፊት በከሰል እንዲሥልላት ያዘዘችው ይህንኑ ሰው ነው።

ኡምሰልማ ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያላት የባቲ ሴት ናት። ባሏ ናስር ከአሰብ አዲስ አበባ ባለተሳቢ መኪና ይነዳ ነበር። ወደ አሰብ መንገድ ባለው ጥቁር ድንጋይ ሜዳ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሲሞት ልጃቸው ሀምዳ ገና በሆዷ ነበረች። ከእሱ የቀረው ፎቶ አንድ ጉርድ ብቻ ነው። እሱም በሸሚዝ ኪስ ውስጥ እንዳለ ታጥቦ፣ ግንባርና አንድ ጆሮ፣ ከሥር ደግሞ የአንገትጌ ጫፍ ብቻ ቀርቶታል።

“ስማኝ ጌጡ” አለችው ፎቶውን በመዳፏ እንደያዘች። “ፊቱ እየጠፋኝ ነው። ድምፁን እሰማዋለሁ፤ አረማመዱን ዛሬም ከሺ ሰው መሀል እለየዋለሁ። ፊቱን ግን ልይ ስል ይሸሸኛል። ልጅቱ ‘አባዬ ምን ይመስል ነበር?’ ስትለኝ ‘መልከ መልካም’ እልና ዝም። መልከ መልካም ምን ይባላል? ስንቱ መልከ መልካም አለ!”

“እሞክራለሁ እትዬ ኡምሰልማ። በየጊዜው እያዩ ያርሙኛል” አለ ጌጡ።

“አላርምህም።” ፎቶውን መሀረብ ውስጥ መለሰችው፤ ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ ለእሱ ሰጠችው። “የተሳሳተ ፊት ደጋግሜ ካየሁ ያቺው የቀረችኝ ትንሽ ነገር ትደመሰሳለች። ከዚያ በኋላ ናስር ስል የሚመጣብኝ ያንተ ሥዕል ይሆናል። ስለዚህ ጨረስኩ ስትለኝ አንዴ አያለሁ። እሱ ከሆነ አልሐምዱሊላህ። ካልሆነ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ሁለተኛ ማንንም አላዝም።”

ሌላ ሠዓሊ ቢሆን እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ሰምቶ ሻዩን ጠጥቶ ይወጣ ነበር። ጌጡ ግን እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም፤ ዛሬ ሻይ የሚጠጣበት አፍ ራሱ የናስር ስጦታ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌጡ ከተጉለት ለጥጥ ለቀማ ወርዶ ብዙም ሳይቆይ ወባ ጣለው። ከገዋኔ ወጣ ብሎ አስፋልት ዳር ተዘርሮ፣ መኪና ሲያልፍ እጁን የሚያነሳበት አቅም እንኳ አጥቶ ሳለ አንድ ባለተሳቢ ቆመ። ሾፌሩ አቅፎ ጋቢና አስገባው፤ በገዛ ሽርጡ ጠቀለለው። ከዚያ እስከ አዋሽ ድረስ፣ ጥቂት በሄዱ ቁጥር፣ “አለህ?” ይለዋል። ጌጡም “አለሁ” ይላል። መልሱ የዘገየ እንደሆነ መኪናው ይፈጥናል። ጌጡ እስከ ዛሬ እንደሚያምነው ያን ቀን ነፍሱ ያልወጣችው ለዚያ ጥያቄ መልስ መስጠት ስለነበረበት ብቻ ነው። ሰው ሲጠይቅ ዝም ማለት ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው።

ክሊኒኩ በር ላይ ሌሎች ሰዎች ተቀበሉት። ሾፌሩ ጭነት ነበረበትና ሄደ። ጌጡ ከዳነ በኋላ መንገደኛውን ሁሉ እየጠየቀ ስሙን አገኘ፤ ይሁንና ሊያመሰግነው ሻይ ቤቱ ሲደርስ ናስር ተቀብሮ ሰደቃውም ወጥቶለት ነበር። ለኡምሰልማ “ባለቤትዎ ከመንገድ አንስተው አድነውኛል” አላት። እሷም አልቅሳ አበላችው። ያቺን “አለህ?” የምትለዋን ቃል ግን አልነገራትም። ሊነግራት ባሰበ ቁጥር ለነገ እያለ ዓመታት አለፉ።

እና ሥራውን ጀመረ። የጥጥ እንጨት ቀጫጭኑን መርጦ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጠቀጠቀ፤ አፉን በጭቃ መርጎ እሳት ውስጥ ከተተው። ሲበርድ የወጣው ከሰል ለስላሳ ነበር። ወረቀት ከየት ይመጣል? ከበዓሉ የተረፈ ፖስተር ገልብጦ ጀርባው ላይ ሣለ። ግንባሩን ከፎቶው ወሰደ፤ ጆሮውንም እንዲሁ። የቀረውን ከራሱ ጨመረ። ሲጨርስ ትንሽ ራቅ ብሎ አየውና በጣም ደስ አለው። ይህ ደስታ ነው መጠርጠር የነበረበት።

ኡምሰልማ አታርምም፤ ስለዚህ የሚያርም ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። ጌጡ ሥዕሉን ጠቅልሎ ወደ ሰላሀዲን ሄደ።

ሰላሀዲን ከነዳጅ ማደያው ጎን የጭነት መኪና ቀለም የሚቀባ፣ በየተሳቢው ጀርባ አበባና ጽሑፍ የሚያሳምር ሰው ነው። የናስርንም መኪና ያስጌጠው እሱ ነበር። ነፍስ ያለው ነገር አይሥልም፤ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ይላል። ሥዕሉን በዘይት በቆሸሸ እጁ ላለመንካት ተጠንቅቆ፣ ጎንበስ ብሎ አየና፣

“ይሄ ማነው?” አለ።

“ናስር ነዋ!”

“የት እየሄደ ነው?”

“ምን ማለትህ ነው የት ይሄዳል?”

“ወላሂ ይሄ ሰው ሰልፍ ላይ ነው። ባንዲራው ብቻ ነው የጎደለው።”

ጌጡ ሊቆጣ ሲል ሥዕሉን አየ። አገጩ ቀና ብሏል። ዓይኖቹ ማንም ሰው ደርሶ ያላየውን መጪውን ዘመን ያያሉ። ግንባሩ ላይ የንጋት ብርሃን ወድቋል። ምስኪኑ ናስር በሞተ በስንት ዓመቱ ጓድ ሆኖ ቁጭ አለ።

“ይሄ አገጭ ይገድለኛል አንድ ቀን” አለ ጌጡ።

“ናስር ሩቅ አያይም ነበር” አለ ሰላሀዲን፣ አሁን ሳይቀልድ። “ሾፌር ሩቅ ሩቁን ካየ ግመል ይገጫል። እሱ መንገዱን ነው የሚያይ፣ መስታወቱን ነው፣ ዳር ላይ የወደቀ ሰው እንዳለ ነው። አንተንስ እንዴት ያየህ መሰለህ? ይልቅ አንተ በዓይንህ አይተኸው የለም እንዴ? ምን ሆነህ ነው የፎቶ ጆሮ የምትገለብጥ?”

“ትኩሳት ላይ ነበርኩ። ያየሁትም ከጎን ነው፣ መሪ እንደያዘ።”

“እንዲያ ነዋ! እንደዚያው ሣለው። ጠዋት ነበር ወይስ ከሰዓት?”

“ጠዋት። ገና ሙቀቱ ሳይበረታ።”

“በል እንግዲያው። ከገዋኔ ወደዚህ ስትመጣ የጠዋት ፀሐይ በሾፌሩ መስኮት ነው የምትገባ። አንተ በወዲያኛው ወንበር ነህ። ወዳንተ የዞረው ጉንጩ ጥላ ነው፤ ብርሃኑ ዳር ዳሩን ብቻ ነው። ግንባሩ ላይ ያፈሰስከውን መብራት አጥፋልኝ።”

ጌጡ እዚያው የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጦ በዳቦ ልብ ያጠፋ ጀመር። አጥፍቶ አጥፍቶ ሥዕሉ ግራጫ ደመና ሲሆን ሌላ ፖስተር ገለበጠ። ሰላሀዲን ቀለም እየቀባ፣ አልፎ አልፎ እየመጣ፣ “ትከሻው ይውረድ፣ ሰውዬው ደክሞታል” እያለ፣ “የሸሚዙን ቁልፍ ክፈትለት፣ በዚህ ሙቀት ማን ይቆልፋል” እያለ ረዳው። በመጨረሻ ናስር በጎኑ፣ ዓይኑን መንገዱ ላይ አድርጎ፣ የብርሃን ክር ግንባሩንና አፍንጫውን ይዞ ወጣ።

“አሁን መኪና ይዟል” አለ ሰላሀዲን። ግን ፊቱ እንደ አፉ አልረካም። “አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ፊት ያንተና የአለቃ ነው። ሂድና አሳያቸው።”

አለቃ የተባሉት ሀብተ ሥላሴ ናቸው። በድሮው ጊዜ ጎጃም ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ይሥሉ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ዘመኑ ሲገለበጥ ቆላ ወርደው መልካ ወረር አጠገብ ባለ አንድ የጥጥ እርሻ ፕሮፓጋንዳ ክፍል ገቡ። ቢሮ ውስጥ ጓድ ሀብተ ሥላሴ ይባላሉ፤ ጌጡ ግን ብሩሽ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና አለቃ ይላቸዋል። ጥጥ በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሲደርስ ለምርት ዘመቻው የሚሰቀል ትልቅ ትራክተር እየሣሉ አገኛቸው። የትራክተሩ ሁለት መብራቶች የመልአክ ዓይን ይመስላሉ። ልማድ ያለበት ጌጡ ብቻ አልነበረም።

ሥዕሉን ተቀብለው መጀመሪያ ገልብጠው አዩት፤ ግንባሩ ወደ ታች፣ ደረቱ ወደ ላይ። ከዚያ የፂም መላጫ መስታወታቸውን አምጥተው በመስታወት ውስጥ አዩት።

“ይህ ሰው ክፉ ነበር?” አሉ።

“ኧረ አለቃ! ከሞት ያወጣኝ ሰው ነው።”

“ታዲያ ለምን በአንድ ዓይን ሣልከው?”

ጌጡ መጀመሪያ አልገባውም። ወዲያው ትዝ አለው። በእሳቸው ሙያ ደግ ሰው በሁለት ዓይን፣ ፊቱን ለሚያየው ሰው ሰጥቶ ይሣላል። በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው፤ ቅዱሳኑን የሚገርፍ ወታደር ነው።

“አለቃ፣ ያ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው። ሰውየው እስላም ነው፣ ሥዕሉም የሻይ ቤት ነው። እኔ በጎኑ ስላየሁት ነው በጎኑ የሣልኩት። ሾፌር እኮ ነው፤ መንገድ እያየ ነው።”

“እሺ” አሉ፤ አልተከራከሩም። ከትራክተሩ ሥር ካለች ዱካ ላይ ተቀመጡ። “መንገድ እያየ ነው። ‘አለህ?’ ሲልህስ?”

“ምን?”

“ነግረኸኛል እኮ፣ ስንት ጊዜ። ‘አለህ?’ ይለኝ ነበር ብለኸኛል። ያን ጊዜም መንገዱን እያየ ነው?”

ጌጡ ወደ በሩ ዞረ። ከውጭ የጥጥ መኪናው ሞተር ይሰማል። ያ ድምፅ ነው መሰል፣ ወይም የሽማግሌው አጠያየቅ፣ የጋቢናው ሽታ መጣበት፤ ናፍታና ብርቱካን። ተሳቢው ከኋላ ሲንገጫገጭ ጭንቅላቱ በሩን ሲመታው ተሰማው። ከዚያ ያ ሰው መሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ ትከሻውን ሳያንቀሳቅስ አንገቱን ብቻ መለስ ሲያደርግ ታየው።

“አይ” አለ። “ይዞር ነበር። እያንዳንዷን ጊዜ ይዞር ነበር።”

“ሲዞር ስንት ዓይን አየህ?”

“ሁለት” አለ ጌጡ፤ ድምፁም ተሰበረ። “ሁለት፣ አለቃ። አንዷ ከአፍንጫው ወዲያ ብቅ ትላለች። ፈርቶ ነበር እኮ። እኔ እንዳልሞት ፈርቶ ነበር!”

ይህን ሁሉ ዓመት የናስርን ደግነት ሲያስብ የሚታሰበው ብርቱ ሰው ነበር። የፈራ ሰው መሆኑ ያን ቀን ገባው፤ ምስጋናውም በዚያው መጠን በዛ። የማያውቁትን ሰው መኪና ላይ ማሳፈር አንድ ነገር ነው። ለማያውቁት ሰው መፍራት ሌላ ነው።

ሀብተ ሥላሴ ተነስተው ከቁም ሣጥናቸው ሥር አንድ ወፍራም ነጭ ወረቀት አወጡ። ለበዓሉ ከአዲስ አበባ ከተላከው የተረፈ፣ ለራሳቸው ነገር ሲያስቀምጡት የኖሩ መሆኑን ጌጡ ያውቃል።

“አለቃ፣ ይሄማ የእርስዎ ነው።”

“በዚያ ፖስተር ጀርባ አይሆንም፤ ፀሐይ ሲያገኘው የወዲያኛው ጢም ይታያል። በል፣ ሳይጠፋህ ሥራ።”

ጌጡ ሲሥል እሳቸው ትራክተራቸውን ትተው አጠገቡ ቆሙ። ከሰሉን አንድ ጊዜም አልነኩም። ጌጡ አፉ ላይ ሲቸገር “ያስተካክሉልኝ” ብሎ ቢዘረጋላቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ “ያየኸው አንተ ነህ” አሉት። ብቻ በቃል ይናገራሉ። ያቺ ሁለተኛዋ ዓይን ሙሉ አትሁን፤ ገና እየመጣች ነው። ከንፈሩን አትግጠመው፤ ቃሉ አልወጣም። ጥላውን በጣትህ አታለስልሰው፤ እንደ ሰፈረ ተወው። ጌጡ ሲጨርስ ዳቦውም ከሰሉም አልቆ ነበር። ሽማግሌው በመስታወታቸው ውስጥ አይተው፣ “አሁን ደግ ሰው ነው” አሉ። ጌጡ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል፣ “ተው፣ ጓዶች ያዩናል” ብለው አነሱት።

አዋሽ ሲመለስ ሰላሀዲን ሥዕሉን አየ። “አላህ ይርሐምህ ናስር” ብቻ አለ። ከዚያ ከተሰበረ የጭነት ሣጥን ፍሬም ሠራለት፤ መስታወትም ከየትም ብሎ አመጣ። ፍሬሙን በቀይ ጽጌረዳ ዙሪያውን ልሙላው ሲል ተጨቃጨቁ። ጌጡ አሸነፈ፤ ማለትም አበባው ከጀርባው በኩል ሆነ። ናስር ይወዳት የነበረችዋ፣ ተሳቢው ላይ የነበረችዋ አበባ ናት፤ ማንም ባያያትም እዚያ አለች።

ጌጡ ፍሬሙን በጨርቅ ጠቅልሎ ሻይ ቤት የገባው የባቡሩ ሰው ወጥቶ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት ነበር። ኡምሰልማ ጥቅሉን ስታይ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። በሩን ገርበብ አደረገች። ጌጡ ሥዕሉን ባንኮኒው ላይ አቁሞ ጨርቁን አነሳና፣ እሱ ራሱ ማየት ስላልቻለ ምድጃውን ያይ ጀመር። ፍሙ ቀልቷል። የሰላሀዲንና የአለቃ ዓይን፣ የሽማግሌው ወረቀት፣ የእሱ የዓመታት ምስጋና፣ ሁሉም እዚያ ለመግባት አንድ ቃል ነው የቀረው።

ኡምሰልማ ቆማ አየች። ከዚያ አግዳሚውን ወንበር ጎትታ ባንኮኒው ፊት አደረገችው። መሀል ላይ አልተቀመጠችም፤ ወደ ቀኝ ጫፍ ሄዳ ሥዕሉን በጎን በኩል አድርጋ ተቀመጠች። ሻሿን አስተካከለች። ቀና ብላም ቀስ ባለ ድምፅ፣

“አለሁ” አለች።

ጌጡ ከምድጃው ዞረ። “ምን አሉ?”

“ሙሽራ ሆኜ ከባቲ በዚያ መኪና ነው ያመጣኝ” አለች፣ ዓይኗን ከሥዕሉ ሳታነሳ። “ያንን በረሃ ሳይ ጊዜ አለቀስኩ። ከዚያ ዝም አልኩ፣ እስከ ገዋኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እሱ ታዲያ እየዞረ ‘አለሽ?’ ይለኛል። ትንሽ ይነዳና ‘አለሽ?’ ይለኛል። ወላሂ በዚህ ፊት ነው! እኔ ፊት ለፊት ፊት ለፊት እፈልገዋለሁ፤ ለካ ያወቅሁትም የወደድኩትም ከዚህ ወንበር ነው።” ወደ ጌጡ ዞረች። “ማን ነገረህ? ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም።”

“ማንም አልነገረኝም” አለ ጌጡ። “እኔንም ጠይቆኛል።”

ያን ጊዜ ነው ሁለቱም ያለቀሱት፤ ክፉ ለቅሶ ግን አልነበረም። ሀምዳ ከጓሮ ድምፅ ሰምታ ገባች፤ እናቷን አየች፣ ጌጡን አየች፣ መጨረሻ ባንኮኒው ላይ ያለውን ሰው አየችና ቆመች።

“ማነው? ምን እያለኝ ነው?”

“አባትሽ ነው። አለሽ ወይ እያለሽ ነው” አለች ኡምሰልማ። “ነይ፣ እዚህ። ጌጡ፣ አንተም ተጠጋ። ጋቢና ሦስት ሰው ይይዛል።”

ልጅቱ ከእናቷ ጎን ዘላ ወጣች። አባቷ አሰብም ቢሆን ይሰማት ይመስል፣ በሙሉ ጉሮሮዋ “አለሁ!” ብላ ጮኸች። ኡምሰልማ እያለቀሰች ሳቀች፤ ዳግመኛም ሥዕሉን አየችው። አንዴ ብቻ አያለሁ ያለችውን ማንም አላስታወሳትም።

ጌጡ የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ለሾፌሩ ሳይደርስ የቀረው ምስጋና አሁን መንገድ አገኘ።

“እግዜር ይስጥህ፣ ናስር” አለ።

“አሚን” አለች ኡምሰልማ፣ በባሏ ፈንታ።